በሕዝብ ማመላለሻ ላይ የተጎዳ መንገደኛ ምን መብት አለው? ማንስ ይረዳዋል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ጎረቤታችን የሆኑ እናት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲመለሱ የተሳፈሩበት ሚኒባስ ሐረጎ ላይ ከመንገድ ወጥቶ ተገለበጠ። የቀኝ ዳሌያቸው ተሰበረ። በሦስተኛው ቀን ልጠይቃቸው ሆስፒታል ስገባ የመኪናው ባለንብረት የላካቸው ሦስት ሰዎች በአልጋቸው ዙሪያ ተቀምጠው አገኘሁ። አንደኛው ከደብተር የተቀደደ ባለመስመር ወረቀት ይዘዋል። በሰማያዊ እስክሪብቶ አራት መስመር ተጽፎበታል፤ ከግርጌው የጣት አሻራ የሚያርፍበት ባዶ ቦታ ተትቷል። «እትዬ፣ አይዞዎት፤ ከአላህ የመጣ ነው። ሾፌሩም የድሃ ልጅ ነው። ይህችን 15 ሺህ ብር ለማሳከሚያ ይቀበሉና እንታረቅ» አሏቸው።

ልጃቸው ወረቀቱን ተቀብሎ ጮክ ብሎ አነበበው። አራተኛው መስመር «ከእንግዲህ በዚህ አደጋ ምክንያት ምንም ዓይነት የካሳ ጥያቄ የለኝም» ይላል። እናቲቱ ትንሽ ዝም ብለው «ይህ የመጨረሻው ምን ማለት ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ከእኛ መካከል የሚመልስላቸው አልነበረም።

ይህ ማብራሪያ ለዚያ ጥያቄ የቀረበ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው። በወሎ ከደሴ ወደ ወልዲያ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ፣ ከደሴ ወደ አቀስታና መካነ ሰላም በየቀኑ በሚኒባስ፣ በቅጥቅጥ፣ በአውቶቡስና በባጃጅ የሚጓዘው ሕዝብ ብዙ ነው፤ መንገዶቹም ጠመዝማዛና ገደላማ ናቸው። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. በደቡብ ወሎ ለጋምቦ ወረዳ አንድ አውቶቡስ ገደል ገብቶ ከ30 በላይ ሰዎች ማለቃቸውን ብዙዎቻችን አንረሳውም። እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ ስለ ሟቾች ቁጥር ይነገራል። ከአደጋው የተረፉት፣ እግራቸውን ወይም ዐይናቸውን ያጡት፣ ሕጉ ምን እንደሚያደርግላቸው ግን እምብዛም አይነገራቸውም።

ካሳ ችሮታ ነው ወይስ መብት?

መብት ነው። የመኪናው ባለንብረት ለተጎዳ ሰው የሚከፍለው ገንዘብ የደግነቱ መለኪያ ተደርጎ ይታያል፤ «ደህና ሰው ነው፣ አሳክሞኛል» ሲባል ደጋግሜ ሰምቻለሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ጉዳዩን ከደግነት ጋር አያያይዘውም። ቁጥር 2081 የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል፤ መኪናውን ያሽከረከረው የመንዳት ፈቃድ ያልሰጠው ሰው ቢሆን እንኳ ኃላፊነቱ አይቀርለትም። ባለንብረቱ ምንም ጥፋት ሳይሠራ፣ ቤቱ ተኝቶ ሳለም ቢሆን ኃላፊ ነው።

ይህ ለገጠሩ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። የአንድ ገበሬ በሬ ገመዱን በጥሶ የጎረቤት ማሽላ ቢያወድም፣ ባለ በሬው «እኔ ቤቴ ነበርኩ፣ በሬው ነው ያጠፋው» ብሎ አያመልጥም፤ በበሬው የሚጠቀመው እሱ ስለሆነ በበሬው ጥፋትም እሱ ይጠየቃል። ስለ እንስሳት ባለቤት የተጻፈው ሕግ ከተሽከርካሪው ድንጋጌ ጥቂት ቁጥሮች ቀደም ብሎ መገኘቱም በአጋጣሚ አይደለም። ሁለቱም የቆሙት በአንድ ሐሳብ ላይ ነው፤ አደገኛ ነገር በእጁ ይዞ የሚጠቀምበት ሰው ጉዳቱንም ይሸከማል።

መንገድ ዳር ቆሞ መጎዳትና ተሳፍሮ መጎዳት አንድ ነው?

አይደለም። ብዙ ሰው፣ አንዳንድ ጊዜ አቤቱታ ጸሐፊዎች ጭምር፣ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ በዝግታ ማየት ይገባል።

ከላይ የጠቀስነው ቁጥር 2081 በዋናነት የሚያገለግለው ከባለንብረቱ ጋር ምንም ውል ለሌለው ሰው ነው። መንገድ ሲያቋርጥ የተገጨ ልጅ፣ በሱቁ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሳለ መኪና የወጣበት ነጋዴ ከዚህ ወገን ናቸው። የሕግ ሰዎች ይህንን «ከውል ውጭ ኃላፊነት» ይሉታል፤ በሁለቱ ሰዎች መካከል አስቀድሞ ስምምነት ሳይኖር በደረሰው ጉዳት ብቻ የሚፈጠር ግዴታ ማለት ነው።

ተሳፋሪው ግን መናኸሪያ ገብቶ ታሪፉን ከፍሎ ሲቀመጥ ከአጓዡ ጋር ውል ገብቷል። ወረቀት አለመፈረሙ ወይም ትኬት አለመቆረጡ ለውጥ አያመጣም፤ ረዳቱ ገንዘቡን ተቀብሎ ቦታ ሲሰጠው ውሉ ተፈጽሟል። የውሉ ፍሬ ነገርም መንገደኛውን በሰላም ካሰበበት ማድረስ ነው። ውል በመኖሩ ምክንያት የተሳፋሪው ጉዳይ በዋናነት የሚታየው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ ስለ ሰዎች ማጓጓዝ በሚናገረው ክፍል ነው። የንግድ ሕጉ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 ሲሻሻል ይህ የማጓጓዝ ክፍል አልተነካም።

ለተሳፋሪው መልካሙ ነገር የአጓዡን ጥፋት ከመነሻው ማስረዳት የማይጠበቅበት መሆኑ ነው። በጉዞ ላይ መጎዳቱን ካሳየ ከኃላፊነት ነጻ የሚያደርግ ምክንያት መኖሩን ማስረዳት ያለበት አጓዡ ነው። ክፉው ደግሞ ይህ ነው፤ የንግድ ሕጉ ቁጥር 597 አጓዡ ለአንድ መንገደኛ የሚከፍለውን ካሳ ከ40 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ይገድበዋል። ሕጉ በተጻፈበት ዘመን ያ ብር ቤት የሚያሠራ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ለአንድ ከባድ የአጥንት ቀዶ ሕክምናና ለሚያስከትለው ወጪ ላይበቃ ይችላል፤ ሕግ አውጪው ይህን ቁጥር ሊያየው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ነገር ግን ጣሪያው በር አለው። አጓዡ ወይም ሠራተኛው ጉዳት ለማድረስ አስቦ፣ ወይም ጉዳት ሊደርስ እንደሚችል እያወቀ በግድየለሽነት ያደረገው ድርጊት አደጋውን እንዳስከተለ ከተረጋገጠ በ40 ሺህ ብር ጣሪያ ሊከለል አይችልም። ብዙ ፋይሎች የሚወድቁትም የሚነሡትም በዚህች ነጥብ ነው። ፍሬኑ እንደማይዝ ሾፌሩ ጠዋት ነግሮት ባለንብረቱ «ዛሬን ሥራ» ብሎ የላከው መኪና፣ በጉም በተሸፈነ ቁልቁለት ተሳፋሪ «ኧረ ቀስ በል» እያለው ሲበርር የነበረ ሾፌር፣ ከመቀመጫው በላይ ሰው ጭኖ የወጣ መኪና፣ እነዚህ ሁሉ ጉዳዩን ከተራ አደጋ እያወቁ ግድየለሽ ወደ መሆን የሚያሻግሩ ፍሬ ነገሮች ናቸው። ስለዚህ ተሳፋሪው ከአደጋው በፊት ያየውንና የሰማውን ሁሉ ለፖሊስ በሰጠው ቃል ውስጥ ማስገባት አለበት። «መኪናው ተገለበጠ፣ ተጎዳሁ» ብቻ ብሎ የሚያልፍ ቃል የጣሪያውን በር ዘግቶት ይሄዳል።

ሁለት መኪኖች ከተጋጩስ? የተሳፈሩበት ሚኒባስ ከአንድ ሲኖትራክ ጋር ተጋጨ እንበል። ከሚኒባሱ ጋር ውል አለዎት፤ ከጭነት መኪናው ባለቤት ጋር ግን የለዎትም። ስለዚህ የጭነት መኪናው ባለቤት የሚጠየቀው ከውል ውጭ ባለው ሕግ ነው፤ የአጓዡ 40 ሺህ ብር ጣሪያ ለእሱ አልተሠራም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2084 ደግሞ ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ሁለቱም ለአደጋው እኩል ምክንያት እንደሆኑ ይገምታል፤ የአንደኛው ሾፌር ብቻ ወይም በአብዛኛው እሱ መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር ጉዳቱን እኩል ይካፈሉታል። በዚህ ምክንያት ክሱ ሁለቱንም ባለንብረቶች መያዝ አለበት። የሕግ ምክር ያላገኘ ተጎጂ ብዙ ጊዜ የሚከሰው የተሳፈረበትን መኪና ብቻ ነው።

ሳይከፍል፣ በወዳጅነት ወይም በውለታ የተሳፈረ ሰው ሁኔታ ይለያል። ለእሱ ባለንብረቱ የሚጠየቀው ጥፋት ከተረጋገጠበት ብቻ ነው።

ሾፌሩ በወንጀል ነጻ ከተባለ ካሳው ቀረ ማለት ነው?

አልቀረም። ከአንድ አደጋ ሁለት ጉዳዮች ይወለዳሉ። አንደኛው መንግሥት በሾፌሩ ላይ የሚያቀርበው የወንጀል ክስ ነው፤ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ቁጥር 543 በቸልተኝነት ሰው መግደል፣ ቁጥር 559 በቸልተኝነት አካል ማጉደል ያስቀጣሉ። ሁለተኛው ተጎጂው ለራሱ የሚያቀርበው የካሳ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው ሾፌሩ እስር ቤት ይግባ ወይ የሚል ጥያቄ ነው፤ ሁለተኛው የተሰበረውን እግር ወጪ ማን ይሸከም የሚል ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2149 የካሳውን ጉዳይ የሚያየው ዳኛ በወንጀል በተሰጠው የነጻነት ውሳኔ እንደማይታሰር በግልጽ ይናገራል። የወንጀል ፍርድ ከጥርጣሬ የጸዳ ማስረጃ ይፈልጋል፤ የካሳ ክስ ግን የሚዛኑን ድፋት ይመለከታል።

ተጎጂው ከፈለገ የካሳ ጥያቄውን ከወንጀሉ መዝገብ ጋር አያይዞ ማቅረብም ይችላል። ይህ መንገድ ወጪ ይቀንሳል። ስሌቱ ሰፊ የሆነ ጉዳይ ግን በፍትሐ ብሔር ችሎት ለብቻው ቢታይ ይሻላል።

ትርፍ ሆኜ ተሳፍሬ ነበር፤ መብቴን አጣሁ ወይ?

ብዙ ሰው በዚህ ፍርሃት ይዋጣል፤ ፖሊስ ሲጠይቀው «ወንበር ነበረኝ» ብሎ ይዋሻል። መዋሸት አያስፈልገውም። ትርፍ መጫን የአጓዡ ጥፋት ነው፤ እንዲያውም ከላይ እንዳየነው ጣሪያውን ለማንሣት ሊረዳ ይችላል። ተጎጂው ራሱ ለጉዳቱ አስተዋጽኦ ካደረገ፣ ለምሳሌ ተከልክሎ ሳለ በር ላይ ተንጠልጥሎ ከነበረ፣ ዳኛው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2098 መሠረት ካሳውን በልኩ ይቀንሰዋል እንጂ ጨርሶ አይከለክለውም።

በጭነት አይሱዙ ላይ ገበያ የሚወጣ ሰው ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። መኪናው ሰው እንዲጭን ስላልተፈቀደለት መድን ሰጪው «ይህ በሽፋኔ ውስጥ የለም» ብሎ ሊከራከር ይችላል። እንዲህም ሆኖ ባለንብረቱ አያመልጥም፤ ገንዘቡ ከመድን ድርጅት ሳይሆን ከእሱ ንብረት መፈለጉ ብቻ ነው የሚለየው።

መድኑ ምን ይከፍላል?

በመኪናው መስታወት ላይ ከቦሎው ጎን የሚለጠፈው የሦስተኛ ወገን መድን ምልክት በአዋጅ የተገደደ ነው። ሥራ ላይ ያለው አዋጅ ቁጥር 799/2005 ማንኛውም ተሽከርካሪ ይህ መድን ሳይኖረው መንገድ ላይ እንዳይወጣ ይከለክላል። አዋጁ ሲወጣ ያስቀመጠው የክፍያ ጣሪያ ለሞትም ለአካል ጉዳትም 40 ሺህ ብር፣ ለንብረት ጉዳት 100 ሺህ ብር ነበር። አደጋው በደረሰበት ቀን የሚጸናውን መጠንና መኪናው ለተሳፋሪዎች የተለየ የኃላፊነት ሽፋን የተገባለት መሆኑን ከመድን ውሉ ቅጂ ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ይህን ቅጂ በጠበቃ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ማስቀረብ ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥብቅ መለየት አለበት። መድን ሰጪው የሚከፍለው እስከ ጣሪያው ነው፤ የባለንብረቱ ኃላፊነት ግን በመድኑ ጣሪያ አይቆምም። «መድኑ ከፍሎሃል፣ ጨርሰናል» የሚል ባለንብረት ተጎጂውን ያሳስታል። ከመድኑ የተረፈው ጉዳት ካለና ሕጉ የሚፈቅድ ከሆነ ቀሪው ከእሱ ይጠየቃል።

ይኸው አዋጅ ሁለት ያልታወቁ ጥቅሞችም አሉት። አንደኛው የድንገተኛ ሕክምና ነው፤ በተሽከርካሪ አደጋ የተጎዳ ሰው በማንኛውም የጤና ተቋም የድንገተኛ ሕክምና የማግኘት መብት አለው፤ አዋጁ ሲወጣ ያስቀመጠው ጣሪያ 2 ሺህ ብር ነበር፤ ተቋሙም አስቀድመህ ክፈል ብሎ ሊመልሰው አይገባም። ሁለተኛው የመድን ፈንድ ነው። ገጭቶ ያመለጠ ታርጋው ያልታወቀ መኪና ወይም ጨርሶ መድን የሌለው መኪና ለጎዳው ሰው ይህ ፈንድ ይከፍላል። በገጠር መንገድ ሌሊት በማይታወቅ መኪና የተገጩ እረኞች ቤተሰቦች ይህን ሳያውቁ ዓመታት አልፈዋቸዋል፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ካሳ እንዴት ይሰላል?

መርሁ ቀላል ነው፤ ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆን አለበት። የሕክምና፣ የመድኃኒት፣ የመጓጓዣና የአስታማሚ ወጪ በደረሰኝ ይታሰባል። ከባዱ ክፍል ወደፊት የሚቀረው ገቢ ነው። ለዚህ ፍርድ ቤቶች በዋናነት የሚመለከቱት የሕክምና ቦርድ የሚሰጠውን ማስረጃ ነው፤ ቦርዱ ተጎጂው በዘላቂነት ምን ያህል የመሥራት አቅም እንዳጣ በመቶኛ ይገልጻል።

አንድ ምሳሌ ላስቀምጥ። በኮምቦልቻ ገበያ ጥራጥሬ የምትሸጥ የ40 ዓመት ሴት በወር 6 ሺህ ብር ታገኛለች እንበል። ቦርዱ 30 በመቶ ዘላቂ የአካል ጉዳት ሰጣት። የወር ጉዳቷ 1,800 ብር፣ የዓመት 21,600 ብር ነው። እስከ 60 ዓመቷ ትሠራ ነበር ቢባል 20 ዓመት ይቀራታል፤ ድምሩ 432 ሺህ ብር ይሆናል። ዳኛው ገንዘቡ በአንድ ጊዜ በመከፈሉና በሌሎች ምክንያቶች በርትዕ፣ ማለትም በዳኛው ሚዛናዊ አመለካከት፣ ሊያስተካክለው ይችላል። አሁን 432 ሺህን ከ40 ሺህ ጋር ያስተያዩ፤ ጣሪያውን ያነሣል ያልነው ማስረጃ ለምን ይህን ያህል እንደደከምንበት ይገባዎታል።

ገቢዋን በምን ታስረዳለች? ደመወዝ የሌለው ሰው ገቢ የለውም ማለት አይደለም። የንግድ ፈቃድና የግብር ደረሰኝ ካለ እሱ፣ ከሌለ ደግሞ አብረዋት የሚሸጡ ሴቶች ምስክርነት፣ የዕቁብ መዝገብ፣ የእህል አቅራቢው ደብተር ያገለግላሉ። ለሕሊና ጉዳት፣ ለሕመሙና ለሐዘኑ የሚከፈለው ግን በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2116 ከ1 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተወስኗል። ሰው በሞተ ጊዜ ባል ወይም ሚስት፣ ልጆችና ወላጆች ሟቹ ይሰጣቸው የነበረውን ድጋፍ ተመልክቶ የሚወሰን ካሳ መጠየቅ ይችላሉ፤ ለዚህም አስቀድመው ዝምድናቸውን የሚያረጋግጥ ማስረጃ ማውጣት አለባቸው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምን ይያዛል?

የትራፊክ ፖሊስ ወደ ቦታው ካልመጣ ወይም ፕላን ካላነሣ፣ በኋላ የሚደረግ ክርክር በአሸዋ ላይ የቆመ ቤት ነው። ፕላን ማለት ፖሊሱ የመንገዱን ስፋት፣ የጎማውን ዱካና የመኪናውን ማረፊያ በመለኪያ ወስዶ የሚሠራው ንድፍ ነው። ተጎጂው በአምቡላንስ ቢወሰድም ዘመዱ በማግሥቱ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ የተጎጂው ስም በመዝገቡ ውስጥ መኖሩን ማረጋገጥ አለበት፤ በሕይወት ወጥቶ ወደ ቤቱ የሄደ ሰው ከተጎጂዎች ዝርዝር ውስጥ መውጣቱ ደጋግሞ የሚያጋጥም ነው። ከዚያ በተጨማሪ የታርጋውን ቁጥር፣ የተነሱበትን መናኸሪያና ሰዓት፣ ከጎንዎ የተቀመጡትን ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ስልክ ይያዙ። ታሪፉን በቴሌብር ከከፈሉ የደረሰዎትን መልእክት አይሰርዙ፤ ትኬት በሌለበት ያ መልእክት ትኬትዎ ነው። ለመድኃኒት ቤት ከፍለው ደረሰኝ ሳይቀበሉ አይውጡ።

በሽምግልና መጨረስ ክፉ ነው ወይ?

በወሎ ይህን ጥያቄ ማለፍ አይቻልም። አበጋር የምንላቸው ባህላዊ አስታራቂዎቻችን፣ ሸሆቻችንና ቀሳውስቱ ደም ሲያደርቁ፣ ቂም ሲሽሩ ኖረዋል፤ ሾፌሩና ተጎጂው አንድ ሰፈር፣ አንዳንዴም አንድ ጎሳ ናቸው። እርቅ የፍርድ ቤት ጠላት አይደለም፤ ሕጉም ያውቀዋል። ነገር ግን የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3312 በተዋዋዮቹ መካከል የተደረገ የእርቅ ስምምነት ይግባኝ የሌለበት የመጨረሻ ፍርድ ያህል ኃይል እንዳለው ይናገራል። ስለዚህ ያ አራተኛው መስመር፣ «ጥያቄ የለኝም» የሚለው፣ ተራ ቃል አይደለም። የዳሌ ስብራት ገና በሦስተኛው ቀን ምን ዓይነት ዘላቂ ጉዳት እንደሚያስከትል ሐኪሙም አያውቀውም፤ በዚያ ወረቀት ላይ ጣት ማሳረፍ ያልታወቀ ጉዳትን በ15 ሺህ ብር መሸጥ ማለት ነበር።

ቂም መሻሩና ካሳ መተው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሾፌሩን ይቅር ብሎ፣ ሽማግሌዎቹን አክብሮ፣ የሕክምና እርዳታውንም ተቀብሎ የካሳውን ጥያቄ ግን ቦርዱ ውሳኔ እስኪሰጥ ማቆየት ይቻላል። ወረቀቱ «ለሕክምና ማገዣ ይህን ያህል ተቀብያለሁ፤ ወደፊት ከሚወሰነው ካሳ ይታሰባል» ተብሎ ቢጻፍ ሁሉንም ወገን ያስከብራል። በእኛ ወረዳዎች ያሉ ሽማግሌዎች ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ቢይዙት ብዙ ቤት ይተርፋል።

ጠበቃ መያዝ የማይችል ሰው ወዴት ይሂድ?

የመጀመሪያው በር የሕግ ትምህርት ቤት ነው። በአገሪቱ ያሉ የሕግ ትምህርት ቤቶች ለአቅመ ደካሞች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ፤ ደሴ ላይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት አለ። በእንዲህ ያለ ማእከል መምህራንና ተማሪዎች ምክር ይሰጣሉ፣ የክስ ማመልከቻ ይጽፋሉ፣ እንደ ሁኔታውም ፍርድ ቤት ይቆማሉ። ሲሄዱ የፖሊሱን ማስረጃ፣ የሕክምናውን ካርድና የቀበሌ መታወቂያ ይያዙ፤ ባዶ እጅ ሄዶ ታሪክ መንገር የሁለት ሳምንት ጊዜ ያባክናል።

ሁለተኛው በር ዓቃቤ ሕግና በየወረዳው ያለው የፍትሕ ጽሕፈት ቤት ነው። ለሴቶች፣ ለሕፃናት፣ ለአካል ጉዳተኞችና ለአረጋውያን ምክር መጠየቅ ከዚህ ይጀመራል። ለሴት ተጎጂዎች የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም አለ፤ ነጻ የሕግ ድጋፍ ከሚሰጡት አንጋፋ ማኅበራት አንዱ ነው። ጠበቆችም ቢሆኑ ሙያቸው ነጻ አገልግሎት የመስጠት ግዴታ ይጥልባቸዋል፤ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሚቆሙት ጠበቆች በ1992 ዓ.ም. በወጣው ደንብ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት ያለ ክፍያ እንዲሠሩ ተደንግጎ ነበር። ስለዚህ «እባክዎ በነጻ ይርዱኝ» ብሎ መጠየቅ ልመና አይደለም።

ሦስተኛው የፍርድ ቤቱ ክፍያ ነው። የካሳ ክስ ሲቀርብ እንደ ገንዘቡ መጠን የዳኝነት ገንዘብ ይከፈላል፤ ከፍ ያለ ካሳ የሚጠይቅ ድሃ ከበሩ የሚመለሰው በዚህ ነው። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ግን ከቁጥር 467 ጀምሮ መክፈል የማይችል ሰው የዳኝነት ገንዘብ ሳይከፍል እንዲከስ ይፈቅዳል። ከቀበሌው ማስረጃ ይዞ፣ ያለውን ንብረት ዘርዝሮ ለፍርድ ቤቱ ያመለክታል፤ ፍርድ ቤቱ ሁኔታውን አጣርቶ ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል።

ገንዘብ ከፍሎ ጠበቃ የሚይዝ ሰው ደግሞ ውሉን በጽሑፍ ያድርግ፤ ክፍያው የተቆረጠ መጠን ነው ወይስ ከሚገኘው ካሳ ይህን ያህል በመቶ የሚለው በግልጽ ይጻፍ። ሆስፒታል ግቢ ውስጥ እየዞሩ «ካሳህን እናስከፍልልህ፣ ግማሹ የኛ» የሚሉ ሰዎች ጠበቃ መሆናቸውን ሳያረጋግጡ ውክልና መስጠት ከአደጋው የማይተናነስ ጉዳት ያመጣል።

እስከ መቼ መጠበቅ ይቻላል?

ይርጋ የሚባለው ክስ የማቅረቢያ ጊዜ ገደብ ነው፤ ካለፈ እውነት ቢኖርም ተከሳሹ «ጊዜው አልፏል» ብሎ ይከላከላል። ከውል ውጭ ላለ የካሳ ጥያቄ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2143 ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ 2 ዓመት ይሰጣል። ጉዳዩ የቱ የሕግ ክፍል ውስጥ እንደሚወድቅ ሲያከራክር ዓመታት ሊያልፉ ስለሚችሉ፣ ማንኛውም ተጎጂ ለራሱ የሚይዘው ቀን ይኸው 2 ዓመት ቢሆን ይሻላል። ሕክምናው ገና ባያልቅም፣ የወንጀሉ ጉዳይ ባይወሰንም ክሱን ማስገባትና የቦርዱን ማስረጃ በኋላ መጨመር ይቻላል።

ጎረቤታችን በዚያ ቀን ጣታቸውን አላሳረፉም። ልጃቸው አራተኛውን መስመር ሰርዞ «ለሕክምና ማገዣ» የሚለውን እንዲጽፉ ጠየቀ፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ነጭ ጥምጥም ያሠሩት አዛውንት፣ «ልጁ ትክክል ነው፣ ጻፉለት» ብለው እስክሪብቶውን ራሳቸው ተቀበሉ። ገንዘቡን ወሰዱ። ከዓመት ከሰባት ወር በኋላ፣ የቦርዱ ማስረጃ ሲወጣ፣ ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥ ሰው ክሱን ጻፈላቸው። የባለንብረቱ የመጀመሪያ መከላከያ «ሴትዮዋ በእኔ መኪና ውስጥ አልነበሩም» የሚል ነበር፤ ትኬት አልተቆረጠም፣ የፖሊሱ ዝርዝርም ስማቸውን አልያዘም። ያቺ ባለመስመር ወረቀት፣ አራተኛው መስመር ተሰርዞ፣ የባለንብረቱ ወኪሎች ፈርመውባት፣ የመኪናው ታርጋ ተጽፎባት፣ ከክሱ ጋር በተራ ቁጥር 1 ተያይዛ ቀረበች።